ለዝናብም ይከፈላል እንዴ? የቤተ ክርስቲያናችን የፓርኪንግ ሂሳብ

ገንዘብ_ያዥ (ዋሽንግተን ዲሲ)

ሰላም ወገኖች። ዘንድሮ ሳላስበው የቤተ ክርስቲያናችን ገንዘብ ያዥ ሆኛለሁ። ስብሰባው መሀል ሻይ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ተመርጬ ጠበቁኝ። ያው ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ዓመት የውሃ ሂሳብ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሳይ ደነገጥኩ። እኛ ውሃ የምንጠቀመው እሑድ እሑድ ነው። ሻይ፣ ሽንት ቤት፣ አልፎ አልፎ ክርስትና፣ በቃ። የፍጆታው ሂሳብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከሥሩ ግን ሁለት መስመሮች አሉ። አንዱ ውሃ ለማያሰርግ መሬት የሚከፈል ይላል። ሌላው የዝናብ ውሃ ክፍያ ይላል። ሁለቱ ሲደመሩ የውሃውን ሂሳብ ብዙ እጥፍ ይበልጡታል።

ከእኔ በፊት የነበረው ወንድማችን "የውሃ ነው" እያለ ሲከፍል ኖሯል። አልፈርድበትም። እኔም ባልደረድረው አላየውም ነበር።

አሁን ኮሚቴው መልስ ይፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ከግብር ነፃ አይደለም ወይ? ከሰማይ ለሚወርድ ዝናብስ እኛ ምን አድርገን ነው የምንከፍለው? ጣሪያውና ፓርኪንጉ አንድ ላይ ወደ 30,000 ስኩዌር ፊት ይሆናል። የሚያውቅ ሰው ያስረዳኝ። ዓመተ ምሕረት ስትጽፉ በፈረንጁ ይሁን፣ አለበለዚያ እንምታታለን።

ሳቅ_አይገድልም

ቀጥሎ የፀሐይ ሂሳብ ይመጣል። ጨረቃ በግማሽ ዋጋ።

ቱቦ_ሠሪው (ቨርጂኒያ)

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፣ እንጀራዬ ይኸው ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የምትከፍሉት ለዝናቡ አይደለም። ዝናቡን ለሚሸከመው ቱቦ ነው። ሣር ላይ የወረደ ዝናብ አብዛኛው ይሰርጋል። አስፋልትና ጣሪያ ላይ የወረደው ግን መቆሚያ የለውም፤ ሮጦ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ክፍያው ምን ያህል ውሃ ተጠቀምክ ብሎ አይጠይቅም። ምን ያህል ውሃ ወደ እኛ ላክህ ነው የሚለው። የእናንተ ግቢ ትንሽ ይጠጣል፣ ብዙ ይልካል።

ዲሲ ላይ ነገሩ የከበደው በአሮጌው ቱቦ ምክንያት ነው። የከተማው አንድ ሦስተኛ ገደማ የዝናብ ውሃና የሽንት ቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ነው የሚሄድለት። ዶፍ ሲወርድ ቱቦው ይሞላል። የተረፈው እንዳለ ወደ አናኮስቲያ፣ ወደ ፖቶማክ ወይም ወደ ሮክ ክሪክ ወንዝ ይወጣል። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2005 ስምምነት ተፈረመ። ውሃውን ይዘው የሚያቆዩ ትልልቅ የመሬት ውስጥ ዋሻዎች መቆፈር ግዴታ ሆነ። የመጀመሪያው መስመራችሁ በዋናነት የሚሄደው ለዚያ ነው። የተጀመረው በ2009 ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። 1,000 ስኩዌር ፊት ውሃ የማያሰርግ መሬት አንድ ዩኒት ይባላል። መኖሪያ ቤቶች በደረጃ ይመደባሉ። ከ700 እስከ 2,000 ስኩዌር ፊት ያለው ቤት አንድ ዩኒት ነው። 2,100 ላይ ሲደርስ 2.4 ዩኒት ይሆናል። እናንተ መኖሪያ ስላልሆናችሁ በልካችሁ ነው፤ 30 ዩኒት። ሲጀመር በወር ለአንድ ዩኒት ከአንድ ዶላር ትንሽ ይበልጥ ነበር። በ2018 ከ25 ዶላር አለፈ። ሰው ሲጮህ ከ2020 ጀምሮ ከፊሉን ወደ ፍሳሽ ፍጆታው ሂሳብ አዛወሩት። ዝቅ አድርገን 20 ዶላር ብንይዝ እንኳ 600 ዶላር በወር ነው፤ በዓመት 7,200። ሁለተኛው መስመር ለዩኒት 2 ዶላር ከ67 ሳንቲም ነው፤ ለእናንተ በወር 80 ዶላር ከ10።

የግብሩ ጥያቄ ደግሞ፤ ከንብረት ግብር ነፃ መሆን ከአገልግሎት ክፍያ ነፃ አያደርግም። የመብራት ሂሳብ ትከፍሉ የለ? ይኸም እንደዚያው ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ራሱ "ይህማ ግብር ነው፣ አልከፍልም" እያለ ሲከራከር ቆይቶ በ2011 መጀመሪያ በወጣ ሕግ ነው ክፈል የተባለው። መንግሥት ያልተረፈበትን ነገር ኮሚቴው ተከራክሮ አያመልጠውም።

ገንዘብ_ያዥ

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገባኝ። ገባኝ ማለት ግን ተዋጠልኝ ማለት አይደለም። 7,200 ዶላር ማለት የሰንበት ትምህርት ቤቱ የዓመት በጀት ነው።

እኅተ_ማርያም

በጡረታ የምትኖር እናት ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የምትጥላት አምስት ዶላር ለቱቦ ልትሄድ? ስለት ነው እኮ! የገበያ አዳራሽ ቢከፍል አይገርመኝም፣ ይሸጣል ይለውጣል። ቤተ ክርስቲያን ምን ሸጦ ይክፈል? በሳምንት አንድ ቀን መኪና የሚቆምበት ቦታ ሰባቱንም ቀን ሱቅ እንደሚነግድበት እኩል መቆጠሩ ፍትሕ አይደለም።

ቱቦ_ሠሪው

እኅቴ፣ ዝናቡ ማክሰኞም ይዘንባል።

ግን የተናገርሽውን ሌሎችም ተናግረውታል። የዲሲ አብያተ ክርስቲያናትና የመቃብር ቦታዎች አምርረው ጮኸዋል። መቃብር ውስጥ ያለው ጠባብ የመኪና መንገድ ሳይቀር ይቆጠራል፤ ሟች ደግሞ አይከፍልም። ጩኸቱ ፍሬ አፍርቷል። ክፍያው ለሚከብዳቸው ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ማቃለያ ፕሮግራም አለ። የመጀመሪያውን መስመር እስከ 90 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ገንዘብ ያዥ፣ ነገ ዛሬ ሳትል የገቢና ወጪ ሰነዳችሁን አዘጋጅ፤ ክፍያው ከአቅማችሁ በላይ መሆኑን ማሳየት አለባችሁ። ገንዘቡ በበጀት የተገደበ ስለሆነ ቀድሞ የገባ ይሻላል።

ሌላም ነገር አለ። ልኩን ከአየር በተነሣ ፎቶ ነው የሚያወጡት። ካርታውን አይታችሁ አስፋልት ያልሆነውን አስፋልት ብለውት እንደሆነ መከራከር ትችላላችሁ።

የድሮ_ታክሲ

እኔ የተማርኩ አይደለሁም፣ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

በ2012 ብሉሚንግዴል ቤዝመንት ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ፣ ቀን እተኛለሁ። ሰፈሩን ታውቁት እንደሆን ከ9ኛው መንገድ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ ነው። ያን ሰመር ደጋግሞ ጎረፈ። እኔ ውሃ በበር የሚገባ ይመስለኝ ነበር። በበር አልገባም። ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል ማፍሰሻ ነው ወደ ላይ የወጣው። ምን ዓይነት ውሃ እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ምሳ የበላችሁ ትኖራላችሁ።

ፍራሹ ሄደ። ጫማው ሄደ። ከአገር ይዤው የመጣሁት የእናቴ ፎቶ ካርቶን ውስጥ ነበር፣ እሱም ሄደ። ያኔ ሰዉ ሲያወራ የሰማሁት ያ ትልቁ ቱቦ በ1800ዎቹ የተቀበረ ነው፣ ለዚያን ጊዜ ከተማ ነው የተሠራው እያለ ነው። ከላይ ያለው ሁሉ አስፋልት ሆነ፣ ቱቦው ግን አልሰፋም።

ከላይ የነበረው የማን ፓርኪንግ እንደሆነ አላውቅም። የሆነ ሰው ፓርኪንግ ነበር።

ሳቅ_አይገድልም

ጋሼ ይቅርታ። ቀልዴን መልሻለሁ።

ቱቦ_ሠሪው

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እርስዎ የነበሩበት ሰፈር የመጀመሪያው ዋሻ በ2016 ተጠናቀቀ። ትልቁ፣ 5 ማይል የሚረዝመውና 23 ጫማ ስፋት ያለው፣ በ2023 ሥራ ጀመረ። ባቡር የሚያስኬድ ነው። ገንዘብ ያዥ የሚከፍላቸው 30 ዩኒቶች እዚያ ውስጥ አሉ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት

ድንበሩን ስትሻገሩ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እኛ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከውሃ ሂሳብ ጋር አይመጣም፣ ከቤት ግብሩ ወረቀት ላይ ነው ያለው። የእኛ ዩኒት 2,406 ስኩዌር ፊት ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንከፍላለን፣ ማንም አላለቀሰም። ብዙ ሰው አያውቀውም መሰለኝ።

ነገሩ የተጋጋለው በ2012 የሜሪላንድ ምክር ቤት ባልቲሞር ከተማና ዘጠኝ ትልልቅ ካውንቲዎች የግድ ያስከፍሉ ሲል ነው። ቼሳፒክ ቤይ የሚባለውን የባሕር ሰላጤ ለማጽዳት ነበር። ያኔ "የዝናብ ግብር" የሚል ስም ወጣለት። ስም ነገር ይገድላል። ካሮል ካውንቲ አላስከፍልም አለ። ፍሬድሪክ ካውንቲ ሕጉን ላክብር ብሎ በአንድ ንብረት 1 ሳንቲም ጣለ፤ አንድ ሳንቲም! ላሪ ሆገን በ2014 ለገዥነት ሲወዳደር ይህን ስም ይዞ ዞረ፣ አሸነፈም። በ2015 ግዴታው ተነሣ። የእኛ ካውንቲ ግን ማስከፈሉን አልተወም።

እኔ የታዘብኩት፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ዓይን ሲያየው ሰው ይከፍላል። ከቤቴ ጀርባ የጎርፍ ማቆያ ኩሬ አለ። ደለሉን በማሽን ሲያወጡ ልጆቼ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሲያዩ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ መስመሯን ሳያት አልናደድም።

አምስተርዳም_ዳር

እዚህ ኔዘርላንድስ ብትመጡ ሁላችሁም ዝም ትላላችሁ። እኛ ለውሃ ብቻ የቆመ መንግሥት አለን። ዋተርስኻፕ ይባላል። 21 ናቸው። ቦይ ይጠርጋሉ፣ ፓምፕ ያንቀሳቅሳሉ፣ ግድብ ይጠብቃሉ፣ ፍሳሽ ያጣራሉ። ግብር የሚጥሉት ራሳቸው ናቸው። ምርጫም አላቸው። በመጋቢት 2023 ስመርጥ የፖስታዬን ወረቀት ሁለቴ ነው ያየሁት፤ ለቦይ ጠራጊ ድምፅ ስሰጥ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ፣ ራይንላንድ የሚባለው፣ ከ1255 ጀምሮ በወረቀት ላይ አለ። ይኩኖ አምላክ ሳይነግሥ ማለት ነው።

ሁሉም ሰው ይከፍላል። ቤት ያለው በቤቱ ዋጋ፣ መሬት ያለው በሄክታር፣ ተከራዩም በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤተሰብ። ፍሳሽ ማጣሪያው ደግሞ ለብቻው ነው። ለብቻህ የምትኖር ከሆነ አንድ ድርሻ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ሦስት ድርሻ። የሦስት ልጆች አባት ሆኜም ሦስት፣ ከሚስቴ ጋር ብቻ ሳለንም ሦስት። እንዴት እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው አመልክቶ ይቅር ሊባል ይችላል።

የደች ባልደረባዬ የነገረኝን ልጨምር። በድሮ ዘመን ግድብ የሚጠበቀው በገንዘብ አልነበረም። እያንዳንዱ ባለመሬት የራሱ ቁራሽ ነበረው። ያቃተው ሰው አካፋውን ግድቡ ላይ ተክሎ ይሄዳል። አካፋውን የነቀለ ግድቡንም መሬቱንም ይወስዳል። ዛሬም ቢሆን በየዓመቱ መኸር ላይ ቦዩን የሚያይ ሰው ይመጣል። ቦይ ዳር መሬት ያለው ሰው ድርሻውን ካልጠረገ ይቀጣል።

እኅተ_ማርያም

አካፋውን ተክሎ መሬቱን ጥሎ መሄድ? ኧረ ጨካኞች ናቸው።

አምስተርዳም_ዳር

እኅቴ፣ ከባሕር በታች ነው የምንኖረው። አንዱ ሰነፍ ከሆነ ሁሉም ይሰምጣል።

የሚኒሶታው

እኔ ጭነት ነጂ ነኝ። ከከተማ ወጣ ብዬ ፍየል የማረባባት 10 ኤከር መሬት ገዛሁ። በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤ መጣ፤ የቦይ ጥገና ድርሻህ ይህን ያህል ነው ይላል። እኔ ቦይ አላየሁም! ቦዩ ከእኔ ሩቅ፣ በቆሎ እርሻ መሀል ነው። ስጠይቅ ግን መሬትህ የሚደርቀው በእሱ ነው አሉኝ። ቦዩ ባይኖር መሬትህ ረግረግ ነው።

እዚህ ነገሩ ከዲሲው ተቃራኒ ነው። ምን ያህል ውሃ ላክህ አይልም፣ ከቦዩ ምን ያህል ተጠቀምክ ነው የሚለው። ጉዳዩ የማይመለከታቸው ሦስት ገማቾች ይሾማሉ። እየዞሩ የእያንዳንዱን መሬት ጥቅም ይገምታሉ። ከዚያ በኋላ ቦዩ በተጠገነ ቁጥር ወጪው በዚያው ግምት ይከፋፈላል። ብዙዎቹ ቦዮች መቶ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ግምቱም አብሯቸው አርጅቷል። የዛሬ መቶ ዓመት ጫካ የነበረ ዛሬ ሰፈር ሆኗል፣ ግን መዝገቡ ላይ ገና ጫካ ነው። እንደገና ይገመት ሲባል ሰው ይጣላል። ስብሰባው ላይ ነበርኩ፤ እንደ ዕድር ስብሰባ ነው፣ ፈረንጅ ሲጮህ አይቻለሁ።

አንድ የወደድኩት ግን አለ። እያንዳንዱ ቦይ የራሱ ሂሳብ አለው። የዚህ ቦይ ገንዘብ ለዚያ ቦይ አይውልም። ለጥገና የሚጠራቀመውም ጣሪያ አለው፤ ከተገመተው ጥቅም 20 በመቶ ወይም 100,000 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። ከዚያ በላይ ሰብስበህ መቀመጥ አይቻልም።

ቱቦ_ሠሪው

እዚህ ላይ ነው የወሬያችን ቁም ነገር። ይክፈል የሚባለው የሚጎርፍበት ነው ወይስ የሚያጎርፈው? ሚኒሶታና ደቾች ከተጠቃሚው ተነሡ። የአሜሪካ ከተሞች ከላኪው ተነሡ። ሚኒሶታም በ2019 የጥገናው ወጪ እያንዳንዱ መሬት በሚልከው ውሃና ደለል መጠን የሚከፋፈልበትን አማራጭ በሕጉ ላይ ጨምራ ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ላኪው ይክፈል ባይ ነኝ። ተጠቃሚ ካልክ ሁልጊዜ ታች ያለው ነው የሚከፍለው። ጋሼ ታክሲ በ2012 "ተጠቃሚ" ነበሩ።

የጉለሌ_ልጅ (አዲስ አበባ)

እናንተ ጋ ሂሳብ ይመጣል፣ እኛ ጋ ጎርፉ ራሱ ነው የሚመጣው። 😅

ግን ጥያቄያችሁ እዚህም አለ። ሰፈራችን ተዳፋት ነው። ሰኔ ሲገባ ዲቹ በፌስታልና በሃይላንድ ይሞላል። ሐምሌ ላይ የታቹ ሰፈር ቤት ይጥለቀለቃል። የዛሬ ሦስት ዓመት ዕድሩ በየቤቱ 200 ብር ይዋጣና ዲቹ ይጠረግ አለ። ላይ ያሉት "እኛ ጋ ጎርፍ የለም፣ አንከፍልም" አሉ። እንዴ! ሃይላንዱን የጣሉት፣ ግቢያቸውን ሙሉ ኮንክሪት ያደረጉት እነሱ! ውሃው ከእነሱ ግቢ ነው የሚነሣው።

ሁለት እሑድ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ አንዲት እትዬ ተነሥተው "ታች ልቅሶ ስትመጡ በምን ልትሻገሩ ነው?" አሏቸው። ቤቱ ፀጥ አለ። ከፈሉ።

ቀጣዩ ዓመት ግን ተበላሸ። የተዋጣው ገንዘብ በዕድሩ ሂሳብ ውስጥ ገባ፤ ድንኳን አርጅቶ ነበር፣ ድንኳን ተገዛበት። ዲቹ ሳይጠረግ ክረምት ገባ። ዘንድሮ ሲጠየቅ ታቹም ላዩም አልከፍልም አለ። ስለዚህ የሚኒሶታው ወንድሜ የነገርከኝን የየቦዩን ሂሳብ ለዕድሩ ዳኛ አነብለታለሁ። ማን ይክፈል የሚለው ሁለት እሑድ ወሰደብን። ሁለት ዓመት የበላን ገንዘቡ የት ይቀመጥ የሚለው ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት

እትዬን ሞንትጎመሪ ካውንቲ ቢያገኛቸው ይቀጥራቸዋል።

ገንዘብ_ያዥ

ትናንት ማታ ስብሰባ ነበር፣ ወሬውን ላምጣላችሁ።

የማቃለያ ማመልከቻውን ለመሙላት ተስማማን። ይህ አላጨቃጨቀም። ከዚያ ግን የአየር ፎቶውን በፕሮጀክተር አሳየኋቸው። ከኋላ ያለው አስፋልት 8,000 ስኩዌር ፊት ገደማ ነው። መኪና የሚቆምበት ለጥምቀትና ለፋሲካ ብቻ ነው። እሱን ነቅለን ሣርና አበባ ብናደርገው 8 ዩኒት ይቀንሳል አልኳቸው። አንድ አባት "ለፋሲካ የት ልናቆም ነው?" አሉ። ሌላው "እርስዎ በአውቶቡስ ነው የሚመጡት" አላቸው። መናገር የለበትም ነበር፣ ግን እውነቱን ነው። የጋሼ ታክሲን ጽሑፍ ሳነብላቸው ግን የተናገረ የለም። በ7 ለ4 ድምፅ አለፈ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ዝናብ የሚያሰርግ አትክልት ስንተክል ሌላም ቅናሽ አለ መሰለኝ? ደግሞ የዝናብ ውሃ በማስቀረት የሚገኝ ክሬዲት ይሸጣል የሚባለው እውነት ነው?

ቱቦ_ሠሪው

አለ። ከሁለተኛው መስመር ላይ እስከ 55 በመቶ ሊነሣላችሁ ይችላል። ከዋናው ላይ የሚሰጠው ቅናሽ ግን ያንሳል፣ ተስፋችሁን እዚያ ላይ አትጣሉ። ክሬዲቱም እውነት ነው። ከ2013 ጀምሮ ዲሲ ውስጥ ገበያ አለው። አንድ ጋሎን ውሃ ለአንድ ዓመት ማቆየት የሚችል ቦታ አንድ ክሬዲት ነው። በግቢያቸው በቂ ውሃ ማስቀረት ያልቻሉ ሕንፃ ሠሪዎች ይገዙታል። ግን አትክልቱን መንከባከብ ግዴታ ነው፤ መጥተው ያዩታል። በሁለት ዓመት አረም ከወረረው ቀረ። ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት ማን እንደሚኮተኩት ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩ።

የድሮ_ታክሲ

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ቤት ነው የምውለው። ዶማ አለኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አስፋልቱን እንንቀለው።

ቱቦ_ሠሪው

ጋሼ፣ መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ ማሽን። ዶማው ለአበባው ነው።

የድሮ_ታክሲ

እሺ። አበባው መቼ ነው? ሰዓቱን በሐበሻ ንገሩኝ።